«ጮክ በሉ!» ማለት መዝሙር ማስተማር አይደለም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ፤ የሌላችሁ ደግሞ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት። በተለይ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ይቺ ጽሑፍ ለእናንተ ያለብኝ ዕዳም ናት።

ባለፈው ሳምንት ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ስከፍተው የማላውቀው ሰው ተሳስቶ የላከው መሰለኝ። ሸካራ፣ ትንፋሽ የበዛበት፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ቀድሞ የሚጠፋ ድምፅ። «ቲቸር፣ አላወቁኝም አይደል?» ብላ ስትስቅ ነው በሳቋ ያወቅኳት። ይቺ ልጅ እኮ ስድስተኛ ክፍል እያለች የትምህርት ቤታችን አውራጅ ነበረች! የወላጆች ቀን ሲደርስ ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠራው የሷን ስም ነበር። አሁን የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ሆናለች። ድምፅዋ ከተዘጋ አራት ወር ሆኖታል። ሐኪም በካሜራ አይቶ፣ የድምፅ አውታሮቿ ላይ እንደ እጅ መጅ ያለ ነገር አብጧል ብሏታል። «ቲቸር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ መጮህ ልማድ ሆኖብኝ ነው መሰለኝ» አለችኝ።

ልትወቅሰኝ አይደለም የላከችው፤ ምክር ፈልጋ ነው። እኔ ግን የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱም «ጮክ በይ! ከኋላ ያሉት አይሰሙሽም!» እያልኩ ያለማመድኳት እኔው ነኝ።

እርግጥ ለችግሯ ሁሉ ተጠያቂው እኔ ብቻ ነኝ አልልም። ቀኑን ሙሉ በሕፃናት ጫጫታ መሀል መናገር ብቻውን ድምፅን ያደክማል። ግን ድምፅን እንዴት መጠቀም እንዳለባት ማስተማር የኔ ሥራ ነበር። አራት ዓመት እጄ ላይ ነበረች። መዝሙር አስጠናኋት፣ ግጥም አስሸመደድኳት፣ መድረክ ላይ አቆምኳት። ድምፅዋን እንዴት እንደምትጠብቅ ግን አንድም ቀን አላስተማርኳትም። እኔም ያስተማረኝ አልነበረም፤ የተማርኩት ዘግይቼ ነው፣ የራሴ ጉሮሮ እምቢ ሲለኝ።

እንግዲህ አቋሜን በግልጽ ልናገር። በትምህርት ቤቶቻችን የሙዚቃ ክፍለ ጊዜና በመዘምራን ቡድኖቻችን ውስጥ «ጮክ በሉ» የሚለው ትእዛዝ መቅረት አለበት። ከፍ ብሎ የሚሰማ ቡድን ሁሉ ጥሩ ቡድን አይደለም። ከሙዚቃ ክፍል ልጁ ይዞ መውጣት ያለበት ትልቁ ነገር አሥር መዝሙር አይደለም፤ ስልሳ ዓመት የሚያገለግለው ጤነኛ ድምፅ ነው። ይህ ደግሞ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የመምህሩን ልማድ መቀየር ነው የሚፈልገው።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ድምፅ የሚወጣው ማንቁርት ውስጥ ካሉ ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች ነው፤ የድምፅ አውታሮች እንላቸዋለን። የአዋቂ ሰው እንኳ ርዝመታቸው ከ2 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የልጅ ደግሞ ገና ያጠረ፣ ገና ያልጠነከረ ነው፤ ውስጣዊ አሠራራቸው እስከ ጉርምስና መጨረሻ ድረስ እየተሟላ ነው የሚሄደው። ከሳንባ የሚመጣው አየር ሲያልፍ እነዚህ እጥፋቶች ይርገበገባሉ፣ እርስ በርስ እየተጋጩ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ስንት ጊዜ? ኪቦርድ ላይ ከመካከለኛው ዶ በላይ ያለችውን ላ አንድ ልጅ ሲያዜም፣ በሰከንድ 440 ጊዜ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቢይዛት 26,400 ጊዜ ማለት ነው። አሁን ይህንን በጩኸት አስቡት። እጃችሁን ቀስ አድርጋችሁ ስታጨበጭቡና በሙሉ ኃይላችሁ ስታጨበጭቡ ያለው ልዩነት ነው። በኃይል ያጨበጨበ እጅ ይቀላል፣ ያብጣል፤ ሳያርፍ ከደጋገመው ደግሞ እንደ ገበሬ እጅ መጅ ያወጣል። አውታሮቹም እንደዚያው ናቸው።

ደስ የሚለው ነገር፣ በተለይ በልጆች ላይ ይህ እብጠት ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ የድምፅ አጠቃቀምን በማስተካከልና በልምምድ የሚሻለው ነው። ግን መጀመሪያ አንድ አዋቂ ልብ ሊለው ይገባል። እኛ ግን ምን እንላለን? «ይሄ ልጅ ድምፁ ጎርናና ነው፣ ተፈጥሮው ነው» ብለን እናልፈዋለን።

እስቲ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቁሙ። ብርድ አለ። ልጆቹ ገና ከቤት መምጣታቸው ነው፤ አንዳንዱ ከነቃ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሰንደቅ ዓላማ ሊሰቀል ነው። አንድ ልጅ ወይም አንድ መምህር ደስ ባለው ከፍታ መዝሙሩን ይጀምረዋል። ሲጀመር ሁሉም ይመቸዋል። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ግን አንገቶች ይወጠራሉ፣ አገጮች ወደ ሰማይ ይቀናሉ፣ ግማሹ ይጮሃል፣ ግማሹ ዝም ይላል። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። የመዝሙሩም አይደለም። ጥፋቱ አጀማመሩ ላይ ነው።

መፍትሔው እኮ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ማንኛውንም መዝሙር ከማስጀመራችሁ በፊት መጀመሪያ ከፍተኛዋን ኖታ ፈልጉ። ልጆቹ እሷን ግንባራቸውን ሳይቋጥሩ ማዜም ይችላሉ? ካልቻሉ ዝቅ አድርጉት። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሱና ከዚያች ከፍታ አስጀምሩ። ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ከመካከለኛው ዶ እስከ ላይኛው ሬ ድረስ ያለው አካባቢ በአብዛኛው ይመቻቸዋል። ኪቦርድ የለንም የምትሉ መምህራን፣ ስልካችሁ ላይ በነፃ የሚጫን የመቃኛ አፕሊኬሽን አለ። ክራር የሚቃኝ ሰው ግቢያችሁ ውስጥ ካለ ደግሞ ከዚያ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

ሁለተኛው ጉዳይ ሞንታርቦ ነው። (የሚኒ ሚዲያ ልጆች፣ አትቀየሙኝ!) ኢትየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1911 እ.ኤ.አ. የጻፈው አንድ ነገር አለ፦ ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲሆን፣ ማንም ሳያዘው፣ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ስሙንም ከሱ ወስዶ የሎምባርድ ክስተት ይባላል። ሠርግ ቤት ውለን በነጋታው ድምፃችን የሚዘጋው ለዚህ ነው። የወላጆች ቀን ላይ ከፍላሽ የተከፈተው ሙዚቃ በሞንታርቦ ሲያስገመግም፣ ሠላሳ ልጆች በሁለት ማይክ ፊት ቆመው የራሳቸውን ድምፅ መስማት ሲያቅታቸው ምን ያደርጋሉ? ይጮሃሉ። እኛ ደግሞ ከመድረክ ጎን ቆመን እጃችንን ወደ ላይ እያወዛወዝን «ጨምሩ» እንላለን። ሙዚቃውን መቀነስ ነው እንጂ ልጆቹን መጨመር አይደለም መፍትሔው። ስፒከሩን ከልጆቹ ፊት ወደ ሕዝቡ አዙሩት። ልጆቹን በግማሽ ክብ አቁሟቸው፣ አንዱ ሌላውን ይስማ። ራሱን የሚሰማ ልጅ አይጮህም።

ሦስተኛው ልቤን የሚያሳምመኝ ነው፤ የወንዶቹ ልጆች ጉዳይ። ብዙ ወንዶች ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ድምፃቸው ይጎረንናል። ማንቁርት በፍጥነት ያድጋል፣ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ፣ ድምፁ ወደ አንድ ኦክታቭ ያህል ይወርዳል። ትናንት መረዋ የነበረ ልጅ ዛሬ በአንድ ቃል መሀል ሁለት ድምፅ ያወጣል። ክፍሉ ይስቃል። መምህሩም ይስቃል። ከዚያ «አንተ ለጊዜው ተቀመጥ» ይባላል። ለጊዜው የተባለው ዕድሜ ልክ ሆኖ ይቀራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባንክ ቤት ወረፋ ይዤ አንድ ጎልማሳ ከኋላዬ «ቲቸር!» ብሎ አቀፈኝ። ልጁን ታቅፏል፣ ሕፃኑ እየተነጫነጨ ነው። እኔም እንደ ቀልድ «በል እንጂ አንጎራጉርለት፣ የሙዚቃ ክበብ ልጅ አልነበርክም እንዴ?» አልኩት። እየሳቀ፦ «ኧረ ቲቸር፣ እኔ ድምፅ የለኝም። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ 'አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ' ብለውኝ የለ እንዴ!» አለኝ። እኔ አላስታውሰውም። ፈጽሞ አላስታውሰውም። እሱ ግን ከሃያ ዓመት በኋላም ቃል በቃል ያስታውሰዋል። ልጁን ማባበል ለናቱ ብቻ ትቶታል።

መምህራን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሁላችንም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መሆን አንችልም። ግን የስፖርት መምህር አንድን ልጅ «አንተ አትሩጥ፣ እጅህን ብቻ አወናጭፍ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ የሙዚቃ መምህራን ግን «አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» እንላለን። ድምፁ እየጎረነነ ያለ ልጅ መባረር የለበትም። የሚመቹትን ሦስት አራት ኖታዎች ፈልጉለት፣ በነሱ ላይ የምትሄድ ቀላል የተቀባይ መስመር ስጡት። ወደ ላይ አታንጠራሩት። ለክፍሉም ምን እየሆነ እንዳለ ንገሩ፤ የሚያውቁት ነገር ላይ ልጆች ብዙ አይስቁም። የሴቶቹም ድምፅ በዚያው ዕድሜ ይለወጣል፤ ጥቂት ይወርዳል፣ ለጊዜው ትንፋሽ ይበዛበታል። «ሰነፍሽ» አትበሏት። እያደገች ነው።

አሁን የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «የኛ ሙዚቃ ኃይል ይፈልጋል፤ ፉከራና ሽለላ ያለው ሕዝብ በሹክሹክታ አይዘምርም» የሚል ወዳጅ አለኝ፣ ይህን ሲያነብ ራሱን ያውቃል። አዎ፣ ኃይል ይፈልጋል። ኃይልና ጉሮሮን መጨምደድ ግን ለየቅል ናቸው። ፉካሪው ትልቅ ሰው ነው፣ የሚፎክረውም ለአጭር ጊዜ ነው። የአሥር ዓመት ልጅን 40 ደቂቃ ሙሉ አያስፎክሩትም።

እንዲያውም ባህላችንን ልብ ብለን ካየነው ድምፅ መጠበቂያ ብልሃት ሞልቶበታል። ሆያ ሆዬ በሉ፣ አበባየሆሽ በሉ፤ አውራጅ አለ፣ ተቀባይ አለ። አውራጁ ሲያወርድ ተቀባዮቹ ያርፋሉ፣ ተቀባዮቹ ሲቀበሉ አውራጁ ትንፋሹን ይሰበስባል። የተቀባዩ መስመር አጭር ነው። አውራጁ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል። አዝማሪውን እዩት፤ ሌሊቱን ሲያዜም የሚያድረው እንዴት ነው? በስንኞቹ መሀል ማሲንቆው ያዜምለታል። ሰው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ሲሰጠው እስኪሰማ ድረስ ያርፋል። የትምህርት ቤት ቡድን ግን ሠላሳ ልጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባንድ ላይ፣ ያለ ዕረፍት ይጮሃል። ይህ ከየት መጣ? ከአያቶቻችን እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፣ አከብረዋለሁም። «ክፍሌ ውስጥ ስልሳ ሰባ ልጅ አለ። እኔ ራሴ ሥዕል ነው የተማርኩት፣ ክወናና ዕይታ ጥበባት ተብሎ ሙዚቃውም ተሰጠኝ። ምን ላድርግ?» እውነት ነው። ብዙ ቦታ እንዲህ ነው። የመምህራን ኮሌጆች ቢያንስ ጥቂት ሰዓት ስለ ድምፅ አጠቃቀም ቢያስተምሩ፣ ለሙዚቃ መምህሩ ብቻ ሳይሆን ለሒሳቡም ለአማርኛውም ቢያስተምሩ፣ ስንት መምህር ከበሽታ ይድን ነበር! በድምፁ እንጀራውን የሚበላ ሰው ስለ ድምፁ ምንም ሳይማር ሠላሳ ዓመት ያስተምራል። ይህ መቀየር አለበት። እስኪቀየር ድረስ ግን አምስት ደቂቃ አለችን። ከ40ው ደቂቃ አምስቱን ለዚህ ስጡ፦

አንደኛ፣ ልጆቹ ይቁሙ። እግር በትከሻ ስፋት፣ ትከሻ ወደ ታች፣ አገጭ ቀጥ ያለ። አየር ሲያስገቡ ትከሻ አይነሳም፤ ሆድና ጎን ነው የሚሰፋው። እጃቸውን ጎናቸው ላይ አድርገው ይሰማቸው።

ሁለተኛ፣ «ስስስስ» እያሉ አየሩን ቀስ ብለው ያውጡ። መጀመሪያ ስምንት ቁጥር፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ አሥራ ሁለት። ማን ቶሎ ጨረሰ ሳይሆን ማን እኩል አወጣ ነው ጨዋታው።

ሦስተኛ፣ ከንፈራቸውን እያርገበገቡ «ብርርር» ይበሉ፣ ልጆች መኪና ሲጫወቱ እንደሚያደርጉት። ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች። ቀልድ ይመስላል፤ ግን አውታሮቹን ሳያስጨንቅ ከሚያሟሙቁ ልምምዶች አንዱ ነው። ከንፈሩ እምቢ ያለው ልጅ በስትሮ ውስጥ ያንጎራጉር።

አራተኛ፣ አፍ ገጥሞ «ምምም» ማለት፣ ከሚመች ቦታ ጀምሮ አምስት ኖታ ብቻ። ከዚያ ያንኑ በ«ማ»። የምታስተምሩት በትዝታም ይሁን በባቲ፣ በቅኝቱ ኖታዎች አድርጉት፤ ጆሮም አብሮ ይሟሟቃል።

አምስተኛ፣ እንደ ማዛጋት አፍን ከፍቶ ከላይ ወደ ታች «ሃሃ» ብሎ መልቀቅ። ክፍሉ ሁሉ ሲያዛጋ ይስቃሉ፣ ይሳቁ። የሚስቅ ጉሮሮ አልተጨመደደም።

እና «አይሰማም» ስትሉ ጮክ በሉ አትበሉ። «አፋችሁን ክፈቱ፣ ቃሉን አጥሩት» በሏቸው። አብዛኛውን ጊዜ የጠፋው ድምፅ አይደለም፤ ቃል ነው።

ስለ ውኃም ሁሌ የምጠየቀውን ልመልስ። የምንጠጣው ውኃ የድምፅ አውታሮቹን አይነካም። ቢነካማ ትን ይለን ነበር! ውኃ የሚጠቅመው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ነው፤ ስለዚህ መድረክ ላይ ስትወጡ ሳይሆን ከጠዋት ጀምሮ ጠጡ። ዝንጅብሉም፣ ማሩም፣ ተልባውም ጉሮሮን ያስታግሳሉ፣ እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ግን ጩኸት ያበጠውን እነሱ አይመልሱትም። ድምፃችሁ ሲዘጋ ማረፍ ማለት ደግሞ በሹክሹክታ ማውራት አይደለም። አስገድዶ ማንሾካሾክም ያደክማል። ዝም ማለት ነው። ጉሮሮን አሥር ጊዜ «እህ፣ እህ» እያሉ መጥረግም አውታሮቹን ማጋጨት ነው፤ በምትኩ ምራቅ ዋጡ ወይም ውኃ ተጎንጩ።

ወላጆች፣ የልጃችሁ ድምፅ ያለ ጉንፋን ከሦስት ሳምንት በላይ ሻክሮ ከቆየ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ድምፁ ጠዋት ደህና ሆኖ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሁልጊዜ የሚዘጋ ከሆነም ችላ አትበሉት። የትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን ደግሞ፣ በውድድር ላይ «ግቢውን ያናወጠ» ቡድን ዋንጫ መውሰዱን አቁሙልን። እኛ መምህራን የምንሠራው የምትሸልሙትን ነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ድምፅ ማረሚያ ልምምድ የሚሰጥ ባለሙያ ጋ መሄድ ጀምራለች። እኔም በየማታው አሥር ደቂቃ በስልክ «ብርርር» እንላለን፣ ሁለት አዋቂ ሰዎች። ባለቤቴ መጀመሪያ ያበድኩ መስሏት ነበር። ትናንት እየሳቀች፣ «ቲቸር፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ ለሕፃናቱ ዝቅ አድርጌ ብጀምርላቸው እነሱም ዝቅ አሉ እኮ» አለችኝ። የድምፅዋ ነገር ገና ነው፣ ያቺ የድሮዋ ድምፅ ትመለስ አትመለስ ሐኪሟም ቃል አልገባላትም። የሷ ተማሪዎች ግን ከኔ ተማሪዎች የተሻለ መምህር አግኝተዋል።

«ጮክ በሉ» ያልኳችሁ ሁሉ፣ ይቅርታ። «አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» ያልኩህ አንተ ደግሞ፣ ይህን ካነበብክ ድምፅ አለህ። ያኔም ነበረህ። ዛሬ ማታ ለልጅህ አንጎራጉርለት፣ ዝቅ አድርገህ ጀምር።

መምህራን ጓደኞች ካሏችሁ ሼር አድርጉላቸው። እናንተስ ትምህርት ቤት እያላችሁ ስለ ድምፃችሁ ምን ተብላችሁ ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ። ወቀሳ ካለም ይምጣ፤ ጮክ ሳትሉ ብቻ። 😊